«ምንም አልተገኘም»

መጀመሪያ የተመታው ፕሪንተሩ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ገብቶ በሩ ገና ከኋላው ሳይዘጋ፣ አንድ ሰው በትከሻው ገፍቶ ተከትሎት ገባና ሰላም ሳይል፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ የያዘውን የጎማ መፍቻ ብረት ከፍ አድርጎ አሳረፈበት። ክዳኑ ተፈረካከሰ፤ ጥቁሩ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ ቦነነ። ቀጥሎ የጠረጴዛውን ስልክ አደቀቀው። ከዚያ ግድግዳው ላይ የነበረውን የኔትወርክ ሳጥን ከነሽቦው ነቅሎ ጣለው። በመጨረሻ በሩን በርግጫ ዘጋና በሩን የሚከፍተውን የካርድ ማንበቢያ እስኪበታተን ወቀጠው። ብረቱ ባረፈ ቁጥር ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች፣ ኃላፊውና ተንታኟ፣ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ይቀብሩ ነበር።

ቦታው የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የዘረመል ትንተና ክፍል ነው፤ ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው፣ ቁም ሳጥን የሚያህል ኮምፒውተር ቀን ከሌት የሚያጉረመርምበት። እዚህ ቤት ደም አይታይም። ደሙ ፎቅ ላይ ይቀዳል፤ ሌላ ማሽን ዲኤንኤውን ያነበዋል፤ እዚህ የሚደርሰው ፊደል ብቻ ነው፣ አራት ፊደላት እየተቀያየሩ የሚሠሩት በሚሊዮን የሚቆጠር ቁርጥራጭ። ተንታኟ ቁርጥራጩን በኮምፒውተር ትገጣጥመዋለች፣ ከጤነኛ ሰው ካርታ ጋር ታስተያየዋለች፣ መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ሪፖርት ይወጣል። ሐኪሞቹ ያቺን ገጽ አይተው መድኃኒት ያዛሉ። ታማሚውን እሷ አይታው አታውቅም፤ ታማሚውም እሷን።

ባልደረቦቿ እሾህ ይሏታል። ከምላሷ የተነሣ ነው፤ ስብሰባ ላይ የሰው ስህተት ካገኘች ሳትወጋ አትለቅም። የተወጉት ሁሉ ይጠሏታል፣ ሥራ ሲወሳሰብባቸው ግን ተመልሰው የሚመጡት ወደ እሷ ነው። ኃላፊው ራሱ፣ ዶክተር መባል እንደ ማር የሚጥመው ሰው፣ ሪፖርት ላይ ከመፈረሙ በፊት «እሾህ አይታዋለች?» ብሎ ይጠይቃል። አይታው ከሆነ አበቃ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈርማል።

«ሞባይላችሁን ወዲህ!» አለ ሰውየው። ሁለቱም ሰጡት። መሬት ላይ ጥሎ ረገጣቸው፤ አልሰበር ሲሉት በብረቱ ጨረሳቸው።

ኃላፊው ያኔ አወቀው። ከባድ መኪና ነጂ ነው። ባለፈው ወር ሚስቱ እዚሁ ሆስፒታል ሞታለች። የአንጀት ካንሰር ነበረባት፤ የገደላት ግን፣ እንደ ሰውየው አባባል፣ መድኃኒቱ ነው። መድኃኒቱ በክንዷ ከገባ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የአፏ ውስጥ የፈላ ውኃ እንደ ጠጣ ሰው ተላጠ፤ ምራቋን መዋጥ አቃታት፤ መዳፏ ተሰነጣጥቆ ደማ። መጨረሻ ላይ ትኩሳቱ አነደዳትና እየጮኸች ከረመች፣ እየጮኸችም ሞተች። ነጂው ከአጠገቧ አልተለየም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጆሮው ሌላ ነገር አልሰማም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«ልጄ አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ናት» አለ። «የእናቷ በሽታ ይዟታል። ያንኑ መድኃኒት ዛሬ ሊሰጧት ነው። አትውሰጂ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ‹አባባ፣ ሪፖርቱ ንጹሕ ነው› አለችኝ። ሐኪሙም ሪፖርቱ ንጹሕ ነው አለኝ። ስጮህባቸው በጥበቃ አስጎትተው አስወጡኝ። የእናቷም ሪፖርት ንጹሕ ነበር እኮ! ማነው ያጸዳው? እናንተ ናችሁ!»

«ወንድሜ፣ ተረጋጋ» አለ ኃላፊው፣ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ። «ባለቤትህን የገደላት ኢንፌክሽን ነው። ጉበታችን ውስጥ ይህን መድኃኒት ሰባብሮ የሚያስወግድ ፕሮቲን አለ። እሱ የጎደለው ሰው መድኃኒቱ ይመርዘዋል፤ እውነት ነው። እሷ ግን አልጎደላትም፤ ዘረመሏን መርምረናል። ልጅህም አልጎደላትም።»

«ጻፍልኝ። ‹አይሰጣት› ብለህ ጻፍና ፈርምልኝ፣ እሄዳለሁ።»

«ሪፖርት በብረት አይቀየርም።»

ንግግሩ ያምር ነበር፤ ሰዓቱ ግን አልነበረም። ብረቱ ከጎን መጥቶ መንጋጋው ላይ አረፈ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ኃላፊው ከነወንበሩ ተገለበጠ፤ ከደም ጋር ጥርሱን ወለሉ ላይ ተፋ። ነጂው ደረቱን ረገጠው፣ ደገመው፣ ለሦስተኛው ሲነሣ ሰውየው እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ ጎኑን በክርኑ ሸፈነ። ክርኑም ተረገጠ።

«ጻፊለት!» አለ ኃላፊው፣ ቃሉ በደም ተጨማልቆ። «እሾህ፣ የፈለገውን ጻፊለት!»

ሌላ ሰው ቢሆን ይጽፍ ነበር። አንድ መስመር ነው፤ ነፍስ ይዞ መውጫ። እሾህም ፈርታለች። ግን ደሟ ፈላ። ሥራዋን የማያውቅ ሰው ብረት ይዞ መጥቶ ሥራዋን ውሸት ነው ሲላት፣ አለቃዋ ደግሞ ከወለሉ ላይ ሆኖ ውሸት ጻፊ ሲላት፣ የሁለቱም ነገር እኩል አንገበገባት።

«አልጽፍም» አለች። «ይስሙኝ ጋሼ። ልጅዎ ያላት ተስፋ ይህ መድኃኒት ነው። እሱን አስቀርተው ቤት ቢወስዷት በሽታው ይበላታል። በጉልበትዎ አስጥለው፣ በገዛ እጅዎ ሊቀብሯት ነው። እኔ በዚህ ላይ አልፈርምም። መምታት ካማረዎት ይምቱኝ።»

ብረቱ ተነሣ። እሾህ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ እስክትሞት ድረስ ልክ መሆኗን ማሳየት የምትፈልግ ሴት ናት።

«ላሳይዎት» አለች። «ባለቤትዎን ራሷን ላሳይዎት። በዓይንዎ አይተው ይፍረዱ።»

ብረቱ አየር ላይ ቀረ። የነጂው ፊት ተለዋወጠ። «ሚስቴ እዚህ ውስጥ ናት?» አለ፣ ወደ ኮምፒውተሩ እያየ።

«ዲኤንኤዋ አለ።»

«አሳዪኝ።»

እሾህ ተቀመጠች። ነጂው ከኋላዋ ቆመ፤ የናፍጣና የላብ ሽታው አፈናት፣ የብረቱ ጫፍ ትከሻዋን ይነካት ነበር። ኃላፊው ወለሉ ላይ ያቃስታል።

እሾህ በደኅናው ጊዜ ጥሬውን ፊደል አታይም። ማንም አያይም፤ ፕሮግራም የሚጻፈው ለዚያ ነው። ፕሮግራሙ በዲኤንኤ ላይ አደገኛ ናቸው የተባሉ ቦታዎችን ዝርዝር ይዞ፣ በቦታው ቁጥር እየሄደ፣ የተቀየረ ፊደል ካየ «ተገኝቷል»፣ ካላየ «ምንም አልተገኘም» ይላል። አሁን ግን በአንዲት የተጻፈች መስመር የማይመለስ ሰው ከኋላዋ ቆሟል። ስለዚህ ጥሬውን ከፈተችና የዚያን ፕሮቲን ዘረመል በቁጥር ሳይሆን በስሙ ፈለገችው። የሟቿ ቁርጥራጮች እንደ ግንብ ጡብ ተደራርበው ስክሪኑን ሞሉት።

«ይህ ከላይ ያለው የጤነኛው ነው» አለች፤ ድምፅዋ የስብሰባ ቀን ኩራት ነበረበት። «ይህ ሁሉ የባለቤትዎ ነው። እዚህች ቦታ ላይ ሁሉም ጂ መሆን አለበት። ቁልቁል ይከተሉኝ። ሁሉም —»

ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

ግማሹ ጂ ነበር። ግማሹ ኤ ነበር፣ ፕሮቲኑን የሚያጎድለው ፊደል፤ ኤው ቀይ ነው፣ ከላይ እስከ ታች በጂዎቹ መሀል ተሰግስጓል። ልጅ እንኳ ሊያየው ይችላል። እሾህ የሌላ ሰው ፋይል የከፈተች መሰላትና መለያውን አየች። የሟቿ ነው። ዓይኗ ከላይ ወደ ተጻፈው የቦታ ቁጥር ሄደ። ያቺን ቦታ እንደ ቤቷ ነው የምታውቃት፤ ዝርዝሯ ውስጥ ያለው ቁጥር ግን ይህ አይደለም።

ክው አለች።

የዲኤንኤ ካርታ እንደ ከተማ ካርታ ነው፤ አዲስ ሲወጣ ቤቱ እዚያው እያለ የቤቱ ቁጥር ይቀየራል። ክፍሉ ከጥቂት ወራት በፊት ወደ አዲሱ ካርታ ዞሯል። ቁርጥራጮቹን ሁሉ ያዛወረችው እሾህ ናት። የአደገኛ ቦታዎቹን ዝርዝር ግን በአሮጌው ቁጥር እንደ ያዘ ትታዋለች። ፕሮግራሙ ይኸን ሁሉ ጊዜ በአሮጌ አድራሻ እየሄደ የማይመለከተውን በር ሲያንኳኳ ከርሟል፤ ከዚያ ቤት የታመመ የለም፣ «ምንም አልተገኘም» ብሎ ይመለሳል። ሞክራው ነበር፤ አልሞከረችም ማለት ግፍ ነው። የሞከረችው ግን በጤነኞች ዲኤንኤ ነው። በጤነኞች ላይ «ምንም አልተገኘም» ሲል ከኃላፊው ጋር ተጨባበጡ። ከዚያ ወዲህ አንድ ታማሚ እንኳ ችግር እንዳልተገኘበት አስተውላለች፤ አስተውላም ሥራችን ጠራ ብላ በሰው ፊት ተኩራርታበታለች።

የልጅቷን ፋይል ከፈተች። ያው ቦታ ነው። ግማሹ ጂ፣ ግማሹ ኤ፣ ከእናት ወደ ልጅ።

«ምንድነው?» አለ ነጂው። «ምን ሆንሽ? ምን አየሽ?»

እሱ የሚያየው ቀለም ብቻ ነው። ኃላፊው ግን በክርኑ ቀና ብሎ ስክሪኑን አየው፣ አንዴ ማየትም በቃው። ዶክተርነቱ ለዚህ ጊዜ ጠቀመው። የእሾህን ቁርጭምጭሚት ጨበጠና በተሰበረ መንጋጋው ቃሉን እያኘከ አንሾካሾከ። «ዝም በይ። ጥበቃ ይመጣል። ከነገርሽው ሁለታችንንም ይገድለናል። በኋላ፣ እሱ ከተያዘ በኋላ፣ ቀስ ብለን…» ነጂው የሰማው ማጉረምረም ነው እንጂ ቃሉ አልገባውም።

በኋላ። እሾህ ይህን ቃል በሆዷ ደገመችው። ጥበቃ መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ምድር ቤቱን የሚያስታውሰው የለም። ፎቅ ላይ ያለችው ነርስ ግን ሥራዋን አትረሳም፤ ከረጢቱን ትሰቅላለች፣ ቱቦውን ትከፍታለች። ዝም ብትል በሕይወት ትወጣለች፣ ምናልባትም ከነስሟ። አንዲት የማታውቃት ልጅ ደግሞ እንደ እናቷ ውስጧ ተላጦ ትሞታለች፤ ሪፖርቷም ንጹሕ እንደ ሆነ ይቀበራል። እሾህ መኖር አማራት፤ እንደዚያን ሰዓት መኖር አምሯት አያውቅም።

«ጋሼ» አለች። ድምፁ የእሷ አይመስልም ነበር። «እውነትዎን ነው። ጉድለቱ ባለቤትዎ ላይ ነበረ። ልጅዎም ላይ አለ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እሱ የፈረመው እኔን አምኖ ነው። መድኃኒቱ ልጅዎን ይገድላታል።»

ነጂው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ከአንጀቱ የወጣው ድምፅ የሰው አልነበረም። እሾህ ከወንበሩ እየተነሣች ግራ ክንዷን ወደ ፊቷ አነሣች፤ ብረቱ ያገኘው ክንዷን ነው። ከአንጓዋ በላይ ሲታጠፍ በዓይኗ አየችው፣ ሕመሙ የመጣው ካየችው በኋላ ነው። ግድግዳው ላይ ተላተመችና ተንሸራታ ተቀመጠች። በርግጫ ጎኗን መታት፤ ትንፋሿ ቆመ። በፀጉሯ ጎትቶ ቀና አደረጋትና ብረቱን ለጭንቅላቷ አነሣው። የሚያለቅስ ሰው እንዲህ አድርጎ ሲመታ እሾህ አይታ አታውቅም።

«ይግደሉኝ!» ጮኸች። «ግን ፎቅ ላይ ወጥተን! እዚህ ከገደሉኝ ማን ያስቆመዋል? ስልኩን ሰብረውታል! ኔትወርኩን ነቅለውታል! እርስዎን ማንም አይሰማዎትም፣ እሱም መናገር አይችልም! የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ! መጀመሪያ ልጅዎን!»

ብረቱ ቆመ። ነጂው ተሰባብሮ የተበታተነውን ስልክ ሌላ ሰው የሰበረው ይመስል አፍጥጦ አየው። ከዚያ ፀጉሯን ለቀቀና ወደ በሩ ሮጠ። እጀታውን ጎተተው፤ አልተነቃነቀም። ካርዷን አውጥታ ሰጠችው፤ ካርዱን የሚያነበው ነገር ግን ወለሉ ላይ ተበትኗል። ሌሎች እንዳይገቡ ብሎ የሰበረው በር እሱን አላስወጣ አለው።

መታው። በሩ ብረት ነው፤ ብረት በብረት ሲመታ ክፍሉ ጮኸ። የመፍቻውን ሹል ጫፍ ከመቃኑና ከበሩ መሀል ሰክቶ ተንጠለጠለበት፣ ተንሸራተተና የእጁ ቆዳ ተገሸለጠ፣ እንደገና ሰካው። «ልጄ! ልጄ!» ይላል በየመሀሉ። እሾህ በደኅናው እጇ ብረቱን አብራው ያዘች። የገዛ ክንዷን የሰበረውን ብረት ከሰበራት ሰው ጋር ሆና ጎተተች፤ የተሰበረው ክንዷ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ በየጉተታው ያሳብዳታል። ኃላፊው ከወለሉ ላይ አያቸው፤ አልከለከለም፣ አላገዘምም። መቆለፊያው ተንቋቋና ለቀቀ።

ደረጃውን እሱ እየቀደመ፣ እሷ እየተከተለች ወጡ። ሊፍት የሚጠብቅ ሆድ አልነበራቸውም። ሸሚዙ የኃላፊው ደም ነው፣ መዳፉ የራሱ ደም ነው፣ ብረቱም እጁ ላይ ነው። የሚያየው ሁሉ እየጮኸ ግድግዳ ይታከካል። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን ጥላ እግሬ አውጪኝ አለች። «ብረቱን ይጣሉት!» ትላለች እሾህ ከኋላው፣ ትንፋሽ እያጠራት። «ጋሼ፣ ብረቱን ይጣሉት፣ ያስቆሙዎታል!» ጆሮው የሚሰማ ሰው አልነበረም። ብረቱን መያዙንም የረሳው ይመስላል።

አራተኛ ፎቅ፣ የታማሚዎቹ ክፍል በር ላይ፣ ጠዋት ጎትተው ያስወጡት ሁለቱ ጥበቃዎች ቆመዋል። እነሱ ያዩት ከነብረቱ የተመለሰ እብድ ነው፤ ሌላ ምን ሊያዩ ይችላሉ። አንደኛው ቆመጡን ጉልበቱ ላይ አሳረፈበት። ነጂው ተንበረከከ። ሁለተኛው ጭንቅላቱን መታው፤ ቅንድቡ ተከፍቶ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ብረቱ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ እነሱ ግን አላቆሙም፤ አንዴ የፈራ ሰው ቆመጥ በቀላሉ አይመለስም። ጀርባውን፣ ትከሻውን፣ ራሱን ሊሸፍን ያነሣቸውን ጣቶቹን እየተቀባበሉ ወገሩት። ቢፈልግ ሁለቱንም አንጠልጥሎ የሚወረውር ሰው ነው። እጁን አልሰነዘረባቸውም። ያደረገው ነገር ቢኖር የአንደኛውን ሁለት እግር አቅፎ መያዝ ነው።

«እሷን አሳልፏት!» ይላል፣ ፊቱ ወለሉ ላይ ተደፍቶ። «እኔን ግደሉኝ፣ እሷን አሳልፏት! ሐኪም ናት!»

ሐኪም አይደለችም። ግን አለፈች።

ልጅቷ በሩ አጠገብ ባለው የመጀመሪያ አልጋ ላይ ናት፤ ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለች፣ ፊቷ የአባቷ ፊት የሆነ። የሰማችው ጩኸት የአባቷ መሆኑን አውቃ ልትነሣ ስትል ነርሷ ትከሻዋን ይዛታለች። ከረጢቱ ተሰቅሏል። ቱቦው ተከፍቷል። ከከረጢቱ ሩብ ያህሉ ጎድሏል።

እሾህ መዝጊያውን አላየችም፣ አልፈለገችም። የልጅቷን ክንድ ይዛ መርፌውን ከነፕላስተሩ ነቀለችው። ደም ተረጨ። ልጅቷ ጮኸችና በእግሯ ሆዷን መታቻት፤ ነርሷ ደግሞ ከኋላ ደርሳ የእሾህን የተሰበረ ክንድ ያዘች። እሾህ እንደዚያ ጮኻ አታውቅም።

«ምንድነሽ አንቺ? ምን ልታደርጊያት ነው?»

«ሪፖርቱን የሠራሁት እኔ ነኝ!» አለች እሾህ፣ አልጋው ላይ ተደግፋ። «‹ምንም አልተገኘም› የሚለውን። ውሸት ነው። እናቷን የገደላት መድኃኒቱ ነው። ይችንም ይገድላታል። አባቷ እውነቱን ነው!»

ልጅቷ ለመምታት ያነሣችው እግር ባለበት ቀረ። በሩ ላይ ቆመጡ ሲያርፍ ይሰማል። ነርሷ የእሾህን ክንድ ለቀቀች፤ ረጅም ዘመን የሠራች ሴት ናት፣ የዚያችን እናት አፍ በጨው ውኃ ያጠበችው እሷ ናት። የጎደለውን ከረጢት አየች። ሩብ ይገድል እንደ ሆነ እሾህን በዓይኗ ጠየቀቻት፤ እሾህ አታውቅም። ከዚያ ነርሷ ቀስ ብላ ሌላ ነገር ጠየቀች።

«የእሷ ብቻ ነው?»

እሾህ ቀና አለች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድ አልጋ ብቻ ነው ያየችው። ክፍሉ ረጅም ነው፤ በግራና በቀኝ አልጋ ተደርድሯል፣ በየአልጋው ሰው አለ፣ በየሰው ራስጌ ከረጢት ተሰቅሏል፣ ሁሉም ያንጠባጥባል። ሰዎቹ ጩኸቱ አስደንግጧቸው አንሶላቸውን ይዘው ያዩዋታል። ፊታቸውን አይታው አታውቅም። ሪፖርታቸውን ግን ሁሉንም አይታዋለች።

«ዛሬ የሁሉም ያው መድኃኒት ነው» አለች ነርሷ፤ ከንፈሯ ነጥቷል።

«ዝጊው» አለች እሾህ። «ማን ላይ እንዳለ፣ ማን ላይ እንደሌለ አላውቅም። ምንም አላውቅም። ሁሉንም ዝጊው!»

ነርሷ ደንግጣ ቆመች። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማንንም መድኃኒት አቋርጣ አታውቅም። እሾህ አልጠበቀቻትም፤ ቀጥሎ ወዳለው አልጋ ተንደረደረች። የተኙት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ስትመጣባቸው የተሰካ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ ሸሸጉት።

«አትንኪብኝ ልጄ» አሉ። «ይህን ቀን ስጠብቅ ነው የከረምኩት። አትንኪብኝ።»

«አባቴ፣ ይስጡኝ! አባቴ፣ በእግዜር!»

ታገሏት። የደከመ ክንዳቸው የማይገመት ጉልበት ነበረው። አንደኛው ጥበቃ ነጂውን ለጓደኛው ትቶ እየሮጠ ገባና ከኋላ በቆመጡ ትከሻዋን አላት፤ ሽማግሌው አልጋ ላይ ተደፋች። ደኅናውን እጇን ጠምዝዞ ጀርባዋ ላይ ቆለፈው። የቀራት እጅ የተሰበረው ነው፣ እሱም አይታዘዝላትም። ቱቦው ፊቷ ላይ ተጋድሟል፤ ጠብታው ሲወርድ ይታያታል። አፏን ከፈተችና በጥርሷ ነከሰችው። ነክሳ ጨመቀችው፤ ጠብታው ቆመ። ጥበቃው ሊያላቅቃት ጎተታት፣ መታት፤ ጆሮ ግንዷን ሲመታት ዓይኗ ጨለመ። ጥርሷን አላላላችም። ሽማግሌው ይህን በቅርብ አይተው መታገላቸውን ተዉ። ይህች ሴት የምታደርገው ክፋት ሊሆን እንደማይችል ከፊቷ ገባቸው መሰለኝ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ጆሮዋን ከቆመጡ ከለሉላት።

ያኔ ነው ልጅቷ ከአልጋዋ የወረደችው። ከተነቀለው መርፌ ቦታ ደም በክርኗ እየወረደ፣ በባዶ እግሯ፣ የሆስፒታሉን ቀሚስ እየጎተተች ወደ ሦስተኛው አልጋ ሄዳ የቱቦውን መዝጊያ ጠረቀመችው። ወደ አራተኛው አለፈች። «ሲስተር፣ ምን ትጠብቂያለሽ!» ብላ ስትጮህ ነርሷ ከእንቅልፍ እንደ ተነሣ ሰው ብንን አለችና በሌላው ረድፍ መዝጋት ጀመረች። ጥበቃው ቆመጡን እንዳነሣ ቀረ፤ ማንን መምታት እንዳለበት ጠፋው።

በሩ ላይ የአባቷ ድምፅ ተሰማ። ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቷል፣ ሁለተኛው ጥበቃ ጀርባው ላይ ተቀምጦበታል፣ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፣ በሌላው ደም ሞልቶበት የሚያየው ነገር የለም።

«ልጄ» አለ። «ተነቀለልሽ?»

«ተነቅሎልኛል አባባ» አለችው፣ እጇ የአምስተኛው አልጋ ቱቦ ላይ ሆኖ። «ዝም በል አሁን። የሌሎቹን እየዘጋሁ ነው።»